የወይንሸት ዕረፍት

ሰኞ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳው ስለ ልጄ ይነግረናል።

«ወይንሸት። ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ ቦታ ሰባት። ሙቀት አሥራ ሁለት። ሩብ ዙር ተገላብጣለች። ሌላ እንቅስቃሴ የለም። መልካም ሁኔታ ላይ ናት።»

ይህን ሲናገር ናርዶስ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። ናርዶስ የወይንሸት ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግድግዳው ጨርሶ ዝም እስኪል ገንፎዋን አትነካም። ከዚያ «እሺ እማዬ» ትለውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው እሸኛታለሁ፤ በዓይኔ ማለቴ ነው። መታጠፊያው ላይ ጉም አይጠፋም። ጉሙ ሲውጣት የእጇ አምባር አረንጓዴ ብልጭ ይላል። በግድግዳው የሚናገረው መዝገብ «አይቻታለሁ» ማለቱ ነው። እኔ ግን እሷ ትምህርት ቤት ደርሳ ደወል እስኪደወል ድረስ እቃ አላጥብም፣ አልቀመጥም። ጎረቤቶቼ «የጥሩአየር ጭንቀት» እያሉ በስሜ ይተርቱብኛል። ይተርቱ።

ልጄን ወይንሸትን መድኃኔዓለም ቀብሬያታለሁ። አፈሩ ሲመለስባት ቆሜ አይቻለሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

የምንኖርበት ቦታ ሰቀላ በር ይባላል። ቆላው እየነደደ ሲመጣ ወይኑ ተነቅሎ ወደ ደጋ ወጣ፤ እኛም ወይኑን ተከትለን ወጣን። ድሮ ገብስ እንኳ ውርጭ የሚመታው ተራራ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፉ የወይን ሐረግ ነው። የተራራው ሆድ ተቦርቡሮ ዋሻ ሆኗል። የሚጠመቀው አረፋ ያለው ወይን ነው፤ ሰዉ ባጭሩ «አረፋ» ይለዋል። መጀመሪያ በትልልቅ የብረት ጋን ይፈላል፤ ቀጥሎ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ጠርሙሱ በሽቦ ሳጥን ይደረደራል፤ ሳጥኑም ዋሻ ገብቶ ሠላሳ ስድስት ወር ያርፋል። አተላው ወደ ጠርሙሱ አፍ እንዲወርድ የብረት ክንዶች በየሳምንቱ ሩብ ዙር ያገላብጡታል። ዛሬ ሰው እዚያ አይገባም። ክንዶቹም ብርሃን ስለማያስፈልጋቸው መብራት የለም።

ጋኑ «እናት» ይባላል፤ ከእሱ የተሞሉት ሳጥኖች ደግሞ «ልጅ»። ልጅ ያለ እናቱ አይንቀሳቀስም፤ የመዝገቡ ሕግ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሳጥን ከዋሻ አይወጣም።

በመጀመሪያ ቁጥር የተለጠፈው ሳጥኖቹ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ጋሪዎቹ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ሠራተኞቹ አምባር አጠለቁ፣ ዋሻ ውስጥ ሰው እንዳይጠፋ። ከዚያ ልጆቻቸው አጠለቁ፣ ጉም ውስጥ እንዳይጠፉ። እዚህ ገደሉ ብዙ ነውና ናርዶስ አምባር ስታገኝ እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ኋላ ለሰውና ለዕቃ ሁለት መዝገብ ለምን ያስፈልጋል ተባለና አንድ ተደረገ። በልጅነቴ ቢሮ በሄድን ቁጥር «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይሉን ነበር። ዛሬ ሲስተም የሌለበት ቦታ የለም። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲባልም ያኔ ተረት ነበር።

ወይንሸት ጋን አጣቢ ነበረች። ስሟን ያወጣሁላት የወይን ሐረግ በዓይኔ ሳላይ ነው፤ የአያቴ ስም ነበር። ያን ቀን አንድ ጋን «ባዶ» ተብሎ ተመዘገበ። ወይኑ ተቀድቶ ስላለቀ መዝገቡ አልዋሸም። ወይን ሲፈላ የሚወጣው አየር ግን ከባድ ነው፤ ታች ይተኛል፣ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ አይታይም፣ መኖሩም አይታወቅም። እሱን የሚቆጥረው የለም። ልጄ ብሩሿን ይዛ ባዶ ወደተባለው ጋን ወረደች።

በተቀበረች ማግስት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳው ተናገረ።

«ወይንሸት በሥራ ቦታዋ አልተገኘችም። ያለችበትን ሁኔታ ይግለጹ።»

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ናርዶስ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ከነጠላዬ ጫፍ ክር ትመዛለች። የሚባለውን ቃል አውቀዋለሁ። ለበሬም ለዶሮም የምንለው ቃል ነው። እናቴ ያንን ቃል ለሰው ስትል ሰምቻት አላውቅም። ለገዛ ልጄ፣ ያውም ልጇ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ ከየት አምጥቼ እለዋለሁ?

«አረፈች» አልኩት። «ወይንሸት አረፈች። ወይንሸቴ አረፈች!»

ግድግዳው ወዲያው መለሰ።

«ተቀብያለሁ። ወይንሸት፣ ዕረፍት፣ ሠላሳ ስድስት ወር። ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ ቦታ ሰባት ተይዟል። አንድ ልጅ ከእናት ጋር ተያይዟል። መልካም ዕረፍት።»

ከለቀስተኞቹ አንዱ የሳቅ ድምፅ አምልጦት ሳል አስመሰለው። አልተቀየምኩትም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ ፊደል አውቃለሁ፤ «አረፈ»ና «አረፋ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል እግር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ወይን፣ ስለ አረፋና ስለ ዕረፍት ሲሰማ የሚውል ጆሮ «ወይንሸት አረፈች» ቢባል ሌላ ምን ሊረዳ?

ነገ ሄጄ አስተካክላለሁ አልኩ። ነገ ሳይሆን ቀረ፤ ሳልስቱ ነበር። ከዚያ ሰኞ መጣ፤ ግድግዳው «ወይንሸት» አለ። ሰዎች ስሟን መጥራት ትተው ነበር፤ እኔን እንዳይከፋኝ ብለው «ያቺ ልጅ» ይሉ ጀምረዋል። ግድግዳው ግን ስሟን በሙሉ ጠራ። መልካም ሁኔታ ላይ ናት አለኝ። ሐሰት እንደሆነ እያወቅሁ ሆዴ ረጋ። በሚቀጥለው ሰኞም ረጋ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሙት ዓመቷ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፤ የእኔ ነው። እዚህ ላይ የምጽፈው ይህ እንዲታወቅ ነው።

ምክንያቱም ናርዶስ አመነችው።

ምን ታድርግ? አያቷ «እማዬ አርፋለች» ትላታለች፤ ግድግዳውም አርፋለች ይላል። ትምህርት ቤት የሚያስተምሯቸው ያረፈ ነገር ሁሉ ጊዜው ሲደርስ እንደሚወጣ ነው። አንድ ቀን «እማማ፣ አሥራ ሁለት ብርድ ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት ስነሣ አልጋዋ ላይ አገዳደሟ ተኝታ፣ እግሯ ግድግዳውን ነክቶ፣ ራሷ ወደ መሬት ሊወርድ ምንም አልቀረው።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተጋደምሽው? ልትወድቂ ነው እኮ!»

«ሰኞ አይደል?» አለችኝ። «እማዬም ዛሬ ትገለበጣለች።»

ከዚያ ወዲያ በየሰኞው እንዲያ ሆና አገኛታለሁ። አቅፌ ወደ ትራሷ እመልሳታለሁ።

ዘንድሮ፣ ወይን ለቀማው አልቆ ቅጠሉ በቀላበት ሰሞን፣ ግድግዳው አዲስ ነገር ጨመረ።

«ወይንሸት። መልካም ሁኔታ ላይ ናት። ዕረፍቷ ሊያበቃ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ለርክክብ ልጅ በር አንድ ይቅረብ።»

ማንኪያው ከናርዶስ እጅ ወደቀ።

«ሰማሽ እማማ? ሰማሽው? ልትወጣ ነው!»

«ሰማሁ።»

«ምን ትለብሳለች? እዚያ እኮ ብርድ ነው፤ አሥራ ሁለት ነው! ሹራቧ የታለ?»

መልሴን አልጠበቀችም። የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍታ የእናቷን ሰማያዊ ሹራብ አወጣች፤ ራሷ አጥባ ደጅ ሽቦው ላይ አሰጣችው። ነፋሱ እጅጌውን ሲያነሣ ሲጥለው ዋለ። እኔ በመስኮቱ አየሁት፤ ሁለተኛ ግን ወደዚያ አልዞርኩም።

ፈጥኜ የዋሻው መግቢያ ወደሆነው በር አንድ ሄድኩ። በሩን የሚጠብቀው አቶ ደምሰው ነው፤ አብረን ከቆላ የወጣን ሰው።

«እትዬ ጥሩአየር! ዛሬ ደግሞ ምን አስጨነቀሽ? ደመናው ዝቅ ብሏል፣ ይታሰርልኝ ልትይ ነው?»

«ቀልዱን ተወው ደምሰው። ወይንሸትን ሊያወጧት ነው።»

ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ቆቡን አወለቀ። «የቷን ወይንሸት?» አለ፤ የቷን እንደምል ግን ገብቶታል። የሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ከመስታወት ጀርባ የምትቀመጥ ትሑት ልጅ ናት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸች።

«አረፈች። ወይንሸት አረፈች። ወይንሸቴ አረፈች!»

ከኋላዬ ያለች ሴት መስሎኝ ዞርኩ። ራሴ ነበርኩ። ድምፄ እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ማዘር፣ ይኸው የእርስዎ ቃል ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ቃሌ ነው። ግን አንቺ ቀብሯ ላይ ነበርሽ። አልቅሰሻል። አይቼሻለሁ።»

«ነበርኩ ማዘር።»

«ታዲያ አንቺ አስተካክይዋ!»

«እኔ መዝገቡን አነባለሁ እንጂ አልጽፍበትም። መዝገቡ ላይ ወይንሸት አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦታዋ ተይዞ ክንዶቹ ሲያገላብጡት ኖረዋል።»

«በቀኑ ባትገኝስ?»

ፍሬሕይወት እጇን አየች። «እናት ከጠፋች ልጅ ቦታውን ይይዛል፤ እናት እስክትገኝ። ሲጻፍ ለሳጥን ነበር የተጻፈው። ለሰው ሲሆን... ልጅቱ ተራራው ውስጥ ያለው ማደሪያ ትገባለች። ይመግቧታል፣ ያስተምሯታል። ሌሎችም አሉ።»

«እስከ መቼ?»

«እናቷ እስክትገኝ ነው የሚለው።»

ፍሬሕይወት ውኃ አቀበለችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። መውጫው አንድ ነው አለችኝ። ስህተቱን ማረም የሚችለው የተናገረው ድምፅ ራሱ ብቻ ነው፤ የሚያርመውም በር አንድ ላይ፣ የተያያዘው ልጅ ባለበት ነው።

«ናርዶስ ባለችበት?»

«የእሷ አምባር ካልተነበበ በሩ እርማት አይቀበልም።»

ስምንት ቀን ቀረኝ። በየማታው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። እሷ ደግሞ በየማታው የምትጠይቀኝ ነገር አላት። እማዬ ቁመቴን ታውቀዋለች? ሠላሳ ስድስት ወር የተኛ ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ምን ይበላል? ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ሁሉ ነግራለች። መምህሯም ሰምታ ዝም ብላለች፤ ሌላው ሰው ዝም እንዳለው። ሁላችንም ለሷ ስናስብ፣ ሁላችንም ዋሸናት።

በስምንተኛው ቀን አንድ ብልሃት መጣልኝ። የፈሪ ብልሃት ነበር። አምባሩ ገላ ሲታጠቡ ይፈታል። በሩ የሚፈልገው አምባሩን ነው፤ ልጅቱን ምን ያደርጋታል? አምባሩን ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ያን ቃል እናገራለሁ፣ እመለሳለሁ። እሷ አትሰማም። ኋላ፣ ትልቅ ስትሆን፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እንዲህ አሰብኩ።

ናርዶስን ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውኃ አድርጌ አስገባኋት፤ «በደንብ ታጠቢ፣ ለነገ እንድታምሪ» አልኳት። አምባሩን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ሮጥኩ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ዳገቱን።

ደምሰው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ቋጠሮውን ፈትቼ አምባሩን በሩ ዓይን ላይ አስጠጋሁት።

«ልጅ ቀርቧል» አለ በሩ። ያው የግድግዳው ድምፅ ነው። «ልጅ የልብ ምት የለውም። ሙቀት የለውም። ልጅ ባዶ ነው። ይመዝገብ?»

አምባሩን በነጠላዬ ጠርጌ እንደገና አስጠጋሁት።

«ልጅ ባዶ ነው። ይመዝገብ?»

«ተናገሪ እንጂ!» አለ ደምሰው፤ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። «ኧረ ተናገሪ፣ ሦስተኛውን ከጠየቀ እንደ አዎንታ ነው የሚወስደው!»

«አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «ባዶ አይደለም! ሙሉ ነው! ሙሉ ናት! ቤት ናት፣ ገላዋን እየታጠበች ነው!»

«ሙሉ። ተቀብያለሁ» አለ በሩ።

ወደ ቤት እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ነጠላዬን መንገድ ላይ ጥዬ ደምሰው ነው ኋላ ያመጣልኝ። በሩን በርግጄ ስገባ ናርዶስ ውኃው ውስጥ እንደተቀመጠች ናት። ውኃው ቀዝቅዟል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ጉልበቷን አቅፋ ፍጹም ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች።

«ስንት ደቂቃ ሆነኝ?» አለች። «ብርድ መቻል እየተለማመድኩ ነው። ግን አምባሬን የት ወሰድሽው እማማ?»

ደረቴ ላይ ለጥፌያት የልቧን ምት ሰማሁ። ብዙ ቆጠርኩ፤ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም። መዝገቡ ያጣውን እኔ አገኘሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ እሷን እንዳይነካት ብዬ የደበቅሁት ቃል እሷን ሊውጣት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ አብረን ወጣን። ፀጉሯን ሹሩባ ሠርቼላታለሁ። ሰማያዊውን ሹራብ አጥፋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። መንገድ ላይ ልነግራት ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ደከመሽ?» ብላ እጄን ጎተተችኝ።

በር አንድ ላይ ፍሬሕይወት ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ ቆማለች። ደምሰው ቆቡን በእጁ ይዟል። ናርዶስ አምባሯን ለበሩ አሳየች። በሩ ተከፈተ፤ ከጨለማው የሚመጣው አየር ፊታችንን መታው፤ እርሾና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ሩቅ ላይ አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ የብረቱን ድምፅ ብቻ ሰማን። ከዚያ ክንዱ ወደ ብርሃን ወጣ፤ አንድ የሽቦ ሳጥን ይዞ ነበር፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«ወይንሸት። መቶ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ተገላብጣለች። ዕረፍቷ አብቅቷል።»

ናርዶስ ሹራቡን ዘርግታ ሮጠች።

ሳጥኑ ንጹሕ ነበር። ሦስት ዓመት ሲገለባበጥ ስለኖረ አቧራ እንኳ አልያዘም። ናርዶስ በፊቱ ተመለከተች። ዞራ በጀርባው ተመለከተች። ተንበርክካ በሥሩ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ጨለማውን አየች።

«እማማ፣ ረስተዋታል። አላወጧትም።»

«እናት አልተገኘችም» አለ በሩ። «ያለችበትን ሁኔታ ይግለጹ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከጥርሴ ኋላ ያሰርኩት ቃል ነው። ሲወጣ የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም።

«ሞተች» አልኩ። «ልጄ ሞተች። ናርዶስ፣ ስሚኝ፤ እማዬ ሞታለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ባዶ ነው በተባለ ጋን ውስጥ ገብታ ሞተች። መድኃኔዓለም ነው የተቀበረችው። እዚህ ገብታ አታውቅም። አረፈች ያልኩሽ እኔ ነኝ።»



«ቃሉን አላገኘሁትም» አለ በሩ። «ከሚከተሉት ይምረጡ። ያረፈ። የፈሰሰ። የተሰበረ። ባዶ።»

ፍሬሕይወት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደምሰው «አይ አምላኬ» አለ፣ ለራሱ።

ናርዶስ አላለቀሰችም። ሳጥኑን ነበር የምታየው። ግንባሯ ተቋጥሯል፤ ሒሳብ ሲከብዳት እንደምታደርገው።

«ታዲያ» አለች፣ «ሰኞ ሰኞ ሲያገላብጡ የነበሩት ማንን ነው?»

ደምሰው ወደ ተራራው ዞረ።

«ከሚከተሉት ይምረጡ» አለ በሩ። «ያረፈ። የፈሰሰ። የተሰበረ። ባዶ።»

ባዶ የሚለው ቃል ነው ልጄን የወሰደብኝ። ትናንት ደግሞ የልጅ ልጄን ሊወስድ ነበር። አሁን በአፌ ልለው? ስለ ወይንሸት? ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስተኛው ጥያቄ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ።

ናርዶስ እጇን በሽቦው መሐል አስገባች። ውስጡን ዳሰሰች፤ ጥግ ጥጉን ሁሉ። እጇን አወጣችና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ቀሚሴን ያዘች።

«በዪው እማማ» አለች። «ሳጥኑን እኮ ነው የሚጠይቅሽ። እማዬን አይደለም።»

«ከሚከተሉት ይምረጡ...»

«ሳጥኑ» አልኩ፤ «ሳጥኑ ባዶ ነው።»

«ተቀብያለሁ። ባዶ። ረድፍ ሠላሳ አንድ፣ ቦታ ሰባት ነጻ ነው። ልጅ ከእናት ተለይቷል።»

ክንዱ ሳጥኑን አንሥቶ ወደ ጨለማው መለሰው። ናርዶስ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ «ተለይቷል» ሲል። እስከ ዛሬ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አልሰማሁም፤ ራሴንም ጨምሮ። ደምሰው ተሸክሟት እስከ መድኃኔዓለም ወረደ። መቃብሩን አሳየኋት። ጉልበቷን ተክላ አፈሩን በመዳፏ ነካችው።

«እዚህ ሙቀቱ ስንት ነው?»

«አላውቅም የኔ ልጅ» አልኳት። ስለ ሙቀቱ ስትጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር።

ሹራቡን አልተወችውም። ራሷ ለበሰችው። እጅጌው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል።

ቀጥሎ ሰኞ መጣ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገንፎዋን አቀረብኩላት። በዚያ ጠዋት ናርዶስን ያገኘኋት ቀጥ ብላ፣ ራሷ ትራሷ ላይ ሆኖ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሄጄ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

«በዚህ ቤት የተመዘገበ ዕረፍት የለም» አለ ግድግዳው። «መልካም ሳምንት።»

ናርዶስ ከገንፎዋ ቀና አለች።

«ሞታለች እኮ» አለችው።

«ቃሉን አላገኘሁትም። ደግመው ይናገሩ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣችና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ለታናሽ ልጅ ፊደል እንደምታስቆጥር፣ እያንዳንዷን ሆሄ ለይታ፣ ደገመችለት።